የአቶ ቀጀላ ቀይና የፀሐይቱ ፊርማ

የድሬዳዋው ባቡር አቃቂ ጣቢያ እንደ ቆመ፣ አቶ ቀጀላ የቀለም በርሜላቸውን ለመረከብ ወደ ዕቃው ፉርጎ ሲጣደፉ ከጎረቤታቸው ልጅ ከፀሐይቱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ኬሚካል መሐንዲስ ሆና ድሬዳዋ ስትሠራ ቆይታ መመለሷ ነው።

«ጋሽ ቀጀላ፣ የሙያ ፈቃዴን አገኘሁ» አለች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

አቶ ቀጀላ በደስታ የሚሆኑት ጠፋቸው። በአቃቂ በሰቃ የጥለት ክር ያቀልማሉ፤ የሳቸው ቀይ ቢታጠብ አይለቅም። ይሁን እንጂ እጣቢው ወንዝ ይገባል የሚል አቤቱታ ቀርቦባቸው፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ካልፈረመ ማቅለሚያ ቤቱ እንደሚዘጋ ተነግሯቸው ነበር።

«እግዜር ነው ያመጣሽ ልጄ። ነገውኑ ፈርሚልኝ። ወረቀትሽን ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ አንቺ መምጣትም አያስፈልግሽ።»

«የምፈርመው ላየሁት ሥራ ብቻ ነው ጋሼ። ከብት ያን ውሀ ጠጥቶ ቢሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ፈቃዱም የተሰጠኝ እንድጠየቅበት ነው።»

«ካየሽውማ ምስጢሬን ወሰድሽው» አሉ ፊታቸው ተለውጦ። አቶ ቀጀላ የሚቀምሙት በር ዘግተው ነው። ዘመናቸውን ሙሉ አብረዋቸው ክር ሲያሰጡ የኖሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች እንኳ ያን በር አልፈው አያውቁም። በላቡ ያገኘውን ነገር የሚሰስት ሰው አይፈረድበትም፤ ስስቱ ራሱን ሲጎዳው ግን ዝም ብሎ ማለፍ ወዳጅነት አይደለም።

«ሳያፈሉ ነው የሚያቀልሙት የሚባለው እውነት ነው?» አለች ፀሐይቱ፣ ከጣቢያው አብረው ሲወጡ።

«በቀዝቃዛ ውሀ ነው። ቀለሙን የማስይዘው በሸብና በአንድ ቅጠል።»

ፀሐይቱ መንገዱ መሀል ቀጥ አለች። «እኛ ፋብሪካ እኮ ለዚህ ሥራ ውሀ የሚያፈላው ቦይለር ሲነድ ነው የሚውለው። መርማሪዎቹ አዲስ መሆኑን ካረጋገጡ ፓተንት ይሰጥዎታል። አሠራሩን በዝርዝር ጽፈው ያስረክባሉ፤ በሕግ የተወሰነው ዘመን እስኪያልቅ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም አይሠራበትም።»

«ዘመኑ ሲያልቅስ?»

«የሁሉም ይሆናል።»

«ይሄማ ለሌባ ቁልፍ ማስረከብ ነው።»

«ታመው የተኙ ጊዜ ቤቱ ምን ሆኖ ነበር ጋሼ?»

ያን ክረምት ሙሉ ቤቱ ተዘግቶ ሠራተኞቹ ተበትነው ነበር። ወይዘሮ አስካለች አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው «ቅመሙን ንገረኝና ሥራው አይቁም» ብለው ሲለምኗቸው፣ አቶ ቀጀላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞራቸው ትዝ አላቸው። አፈሩ።

«ሞቼ ቢሆን ቀዩም አብሮኝ ተቀብሮ ነበር» አሉ በዝግታ።

«ተመዝግቦ ቢሆን ግን ስምዎን ይዞ ይኖር ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት አቶ ቀጀላ የመቀመሚያውን በር ከፈቱ። ፀሐይቱ ቀድማ ልትገባ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

«መጀመሪያ አስካለች ትግባ።»

ፀሐይቱ የእጣቢውን ጉድጓድ አስቆፍራ፣ ውሀው ተጣርቶ መውጣቱን ደጋግማ ከመረመረች በኋላ ፈረመች። ማመልከቻውም ገባ፤ ከብዙ ጥያቄና መልስ በኋላ ፓተንቱ በአቶ ቀጀላ ስም ወጣ። ወንዙ ዳር ከብት የሚያሰማሩት ጎረቤቶች አቤቱታቸውን ተዉ፤ ተበትነው የነበሩት ሠራተኞችም ተመለሱ። ሕግ ስላወቀው ጥበቡ ከአንድ ሰው ጤናና ዕድሜ ጋር መታሰሩ ቀረ፤ ሌላው ሰውም ሳይሰርቅ የሚማርበት መንገድ ተከፈተለት።

ብዙም ሳይቆይ የናዝሬት ማቅለሚያ ቤት ባለቤት፣ አቶ ዱሬሳ፣ በአሠራሩ ለመጠቀም ፈቃድ ሊጠይቁ መጡ። አቶ ቀጀላ ተስማሙና ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ወደ ባለቤታቸው አመለከቷቸው።

«ቅመሙን እሷ ታሳይዎታለች።»

ወይዘሮ አስካለች እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እንግዳውን እየመሩ ገቡ።