ላሞቹስ ደህና ናቸው?

የነቀምቴ አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ሜዳ ነው፤ አብራሪዎቹን በሬድዮ የሚያነጋግረው ደግሞ አጎቴ ነው። አንድ ጠዋት ቁርሱን ይዤለት ስደርስ አውሮፕላኑ ከላይ ያጓራል፣ ሜዳውን ላሞች ሞልተውታል። አጎቴ ዱላውን አንሥቶ ለዘበኛው፣ "ኦቦ ዲንቃ፣ 'ላም አለ፣ አትውረድ' ይበሉት! ቁልፉን ተጭነው ይናገሩ፣ ከዚያ ይልቀቁ!" ብሎ ላሞቹን ሊያባርር ሮጠ። ኦቦ ዲንቃ ቁልፉን ጥብቅ አድርገው ያዙና ከሰላምታ ጀመሩ። "አካም ቡልተን? እንዴት አደሩ ጓድ? ቤተሰብ ደህና? ዝናቡስ እንዴት ነው? ላሞቹስ ደህና ናቸው?" ጣታቸው ካልተነሣ አብራሪው መልስ መስጠት አይችልም። በመስኮት ሳይ አውሮፕላኑ ዝቅ እያለ ነው። ሰው ፊት ስሜን እንኳ የማልናገረው እኔ መነጋገሪያውን ከእጃቸው ነጥቄ "ላም አለ! አትውረድ!" ብዬ ጮህኩና ቁልፉን ለቀቅኩ። "ገባኝ" አለ ሬድዮው፤ አውሮፕላኑም ሽቅብ ተመለሰ።

ኦቦ ዲንቃ ተቀየሙኝ። "ሰላም ሳትዪው? እሱም እኮ የሰው ልጅ ነው! ምን ይለናል?" ላሞቹ ተባረው አውሮፕላኑ ሲያርፍ አብራሪው በቀጥታ ወደ እሳቸው መጥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። "ደህና አድሬያለሁ አባባ። ቤተሰብም ደህና፣ ዝናቡም ደህና። የላሞቹን ግን እርስዎ ይንገሩኝ!" ከዚያ ዞር ዞር ብሎ "ያቺ የጮኸችብኝስ የት አለች?" ሲል እኔ በሩ ጀርባ ተለጥፌያለሁ።

"እሷን ተዋት ልጄ" አሉ ኦቦ ዲንቃ፣ "አፍ የላትም።"