ውሃው የመጣ ዕለት

(ሰልፈኞች የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ባቃጠሉ ማግስት፣ የሰልፉ አስተባባሪ መምህር ምንተስኖት የእድሩን ዳኛ ጋሽ ገበየሁን ከግቢያቸው በር ላይ ይዞ ይማጸናል።)

ምንተስኖት፦ እስከ መጨረሻው ከጎኔ ነበር ማለት ይህን ያህል ከበደዎት?

ጋሽ ገበየሁ፦ አልከበደኝም፤ ግን አልነበርክማ። መፈክሩን ለእኔ አስይዘህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስትታጠፍ አይቼሃለሁ።

ምንተስኖት፦ ልጆቹ ወደዚያ ሲሮጡ ልመልሳቸው ነዋ የሄድኩት።

ጋሽ ገበየሁ፦ መለስካቸው?

ምንተስኖት፦ ጋሼ፣ ፖሊስ ሆኑብኝ እንዴ?

ጋሽ ገበየሁ፦ ለፖሊሱማ ጠበቃ ታቆማለህ። እኔን ምን አስፈራህ?

ምንተስኖት፦ አልፈራሁም። ቧንቧው ደረቀ ብለን ስንቴ አቤት አልን? እርስዎም ፈርመዋል። ማን ሰማን?

ጋሽ ገበየሁ፦ በካርድ ያወጣኸውን በካርድ ታወርደዋለህ።

ምንተስኖት፦ ምርጫው እስኪደርስ ሕዝቡ ምን ይጠጣ? ይኸው ትናንት ጭሱን አዩ፣ ዛሬ ውሃውን ለቀቁት። ምን ይሉኛል?

ጋሽ ገበየሁ፦ ሥራህ እንዲህ ካኮራህ ምነው ምስክር ልመና ወጣህ?

ምንተስኖት፦ እሱን ይተዉት። ይህ ድንኳን የታችኛው ሰፈር እድር አይደል? እዚህ ምን ይሠራል?

ጋሽ ገበየሁ፦ ተውሰነው ነው። የእኛው በቀበሌው መጋዘን ውስጥ ነበር፤ አብራችሁ አነደዳችሁት።

ምንተስኖት፦ የእኛው ድንኳን? ይህንንስ ማንም አላሰበውም።

ጋሽ ገበየሁ፦ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። «የመንግሥት ነው» ብላችሁ ለኮሳችሁ።

ምንተስኖት፦ እኔ አልለኮስኩም። ስደርስ እሳቱ ገና በሩን ነበር የያዘው፤ ለማጥፋት ይቻል ነበር። «አሁን ይሰሙናል» ብዬ ቆሜ አየሁት። ይኸው ነው፣ ነገርኩዎት።

ጋሽ ገበየሁ፦ ዘበኛው አያ ቸኮል ውስጥ እያለ?

ምንተስኖት፦ መኖሩን ሲያወጡት ነው ያወቅሁት። ሆስፒታል ነው፣ ይድናል ብለውኛል። ጋሼ፣ ድንኳኑን ለማን ነው የተዋሳችሁት?

ጋሽ ገበየሁ፦ በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል አሉ። ንጋት ላይ አረፈ።

ምንተስኖት፦ ማን? አያ ቸኮል?

ጋሽ ገበየሁ፦ ውሃውስ እውነትህን ነው፣ መጥቷል። ቸኮልን አጥበን የገነዝነው በእሱ ነው።