ቆብና ቅንፍ

ታላቶ ጎማው የተነፈሰበትን ሞተሯን እየገፋች ወደ ጎሚስታው ዳስ ስትቀርብ፣ ከኋላ መቀመጫው ላይ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ ያሰረችውን ነገር ቶኤ ከሩቅ አይቶታል። ቶኤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አደንጓሬ በሩዝ ይበላ ነበር።

«እዩልኝማ!» አለ አፉን ሳይጠርግ። «ሞሲዎች አህያ አልቆባቸው ብረት መግፋት ጀመሩ! ምንድን ነው የጠቀለልሽው? የሰረቅሽው ከሆነ ድርሻዬን።»

«የውሻ ጭንቅላት ነው። እናንተ ሳሞዎች እራት እንዳታጡ ብዬ።»

አፏ እንደ ልማዱ መለሰ፤ ፊቷ ግን አልተከተለውም። ሞሲና ሳሞ የተባሉት ሁለት ጎሳዎች ሲገናኙ መሰዳደብ የዝምድና ግዴታቸው ነው። የዕድሜ መበላለጥ አያግደውም፤ የተቀየመ ካለም ጥፋቱ የራሱ ነው። ቶኤ ደግሞ የታላቶ ባል ኑፉ በሕይወት ሳለ አብሮት ከመንደር መንደር ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ ሰው ስለሆነ፣ የስድቧን መድከም ወዲያው ለየው።

«ዛሬ ስድብሽ ጨው የለውም። ተቀመጪ። ምን ሆንሽ?»

ታላቶ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ወደ እሷ መስኮት የሚመጣ ሁሉ ታሞ ስለሚመጣ ዓለም በሙሉ የታመመ ይመስላታል። ስልክ ሲጮህ ሰው ሞቷል ትላለች። ደመና ስታይ ጣሪያው ተገነጠለ ትላለች። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰች ስለሆነች ደግሞ ለፍርሃቷ ምክንያት መደርደር አይቸግራትም።

«የፓንጋን ኮምፒውተር ልሸጠው ነው» አለች።

«ተበላሸ?»

«እሱማ ደህና ነው። የተበላሸችው እሷ ናት።» ጎሚስታው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ከሥራ ስመለስ ከክፍሏ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። የሽማግሌ። ጉሮሮውን ይጠራርጋል። በመስኮት ባይ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ‹ሚስትም ልጅም የለኝም፤ ያለኝ ዶማዬ ብቻ ነው› ትላለች፣ ጎርነን አድርጋ። እኔ እናቷ መስኮቷ ሥር ቆሜ! ከዚያ ከኮምፒውተሩ ውስጥ አንዲት ሴት ‹አባባ፣ ውሃ አለ?› ስትላት ምን ብላ መለሰች መሰለህ?»

«ምን አለች?»

«‹ውሃስ አለ። እኛ አለን ወይ?›»

ቶኤ ማንኪያውን አስቀመጠ። ያ የኑፉ ቃል ነበር። በሄዱበት መንደር ሁሉ ሰዎች የጉድጓዱን አፍ ከበው ውሃ መኖሩን ሲጠይቁት፣ ከታች ሆኖ ጉሮሮውን ጠራርጎ የሚመልሰው ይህንኑ ነበር። ከላይ ያሉት «አለን!» ብለው ሲጮኹለት እንደገና መቆፈር ይጀምራል።

«ወይ የሟች መንፈስ ነው» አለች ታላቶ፤ «ወይ እብደት ነው፤ ወይ ደግሞ ልጆችን የሚያጠምዱ የኢንተርኔት አጭበርባሪዎች ናቸው። ወንድሜ ቅዳሜ መጥቶ እሱ ወደሚኖርበት ከተማ ወደ ዋሂጉያ ይወስዳታል፤ እዚያ ትማር። ነግሬያታለሁ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምንም። ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም፤ አልተናገረችም። እንደዚያን ጊዜ ሆናለች።»

የትኛውን ጊዜ ማለቷ እንደሆነ ቶኤ ያውቃል። ፓንጋ ከአባቷ ቀብር በኋላ አፏን ዘግታ ከርማለች፤ ታላቶ ከመንፈሱም ከአጭበርባሪውም ይልቅ የምትፈራው ያ ዝምታ ተመልሶ እንዳይመጣ ነው።

«ጠይቀሻታል?» አለ ቶኤ።

«ምኑን ልጠይቅ? በጆሮዬ ሰማሁ እኮ!»

«ታዲያ እኔን ለምን ዋሂጉያ አልላክሽኝም?»

«አንተ ደግሞ ምን አደረግህ?»

«በኑፉ ቀብር ዕለት የሟቹን ቆብ ያደረገ ማነው? ቦቲውን አጥልቆ፣ እንደ እሱ ቀኝ እግሩን እየጎተተ መጥቶ መቃብሩ አፍ ላይ የተጋደመ? ‹ይህን ጠባብ ጉድጓድ የቆፈረው ማነው? ሙያዬን ልታሰድቡት ነው?› ያለ?»

ታላቶን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ያዘችው። «ያ ሌላ ነው። ሳሞ የሞሲ ሟች መስሎ ለቀስተኛ ማሳቁ ወግ ነው።»

«ይሁን። አንቺስ ምን አልሽኝ?»

ታላቶ የጥቅሉን ገመድ ማጥበቅ ጀመረች።

«‹ኑፉ፣ ተነስ፤ ጣሪያው ያፈስሳል› አልሽኝ። ኑፉ ብለሽ። አብደሽ ነበር?»

«አላበድኩም! አንተ መሆንህን አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ ነው ኑፉ ያልሽኝ?»

«እያወቅሁ ነው።»

«ታዲያ ለምን ደስ አለሽ?»

ታላቶ በሐዘኑ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው፣ ከሳቀችም በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ያለቀሰችው ያን ዕለት ነው። ጎማው ሲጠገን ሞተሯን አስነስታ፣ ኮምፒውተሩ ወደሚሸጥበት ገበያ በመሄድ ፈንታ ወደ ቤቷ አዞረችው። ቶኤ የራሱን ሞተር እያስነጠሰ ተከተላት።

ፓንጋ በግቢው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር። የእናቷን ጥቅል አየችና ዓይኗን መለሰች። እንግዳን ግን ውሃ ሳይሰጡ ማነጋገር ነውር ስለሆነ ተነስታ ለቶኤ ውሃ አመጣችለት።

«ሽማግሌውን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ ቶኤ ጠጥቶ። «ቤት አለ?»

ፓንጋ ቀና አለች። «አባባ ቶኤ፣ እርስዎም ሊቀልዱብኝ ነው?»

«እቀልዳለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን ማወቅም እፈልጋለሁ። ስሙ ማነው?»

«ቲጋ» አለች ቀስ ብላ። «ጉድጓድ ቆፋሪ ነው።»

ታላቶ መታገሥ አልቻለችም። «ማነው የላከብሽ? የት ነው የሚኖረው?»

«እማዬ፣ እኔው ነኝ የፈጠርኩት። በኢንተርኔት የምንጫወተው ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ማን አሸነፈ?»

«ማንም አያሸንፍም።»

«ማንም የማያሸንፍበት ደግሞ ምን ጨዋታ ነው?»

«አብዛኛው ሰው ለማሸነፍ ይጫወታል፤ ጭራቅ ይገድላል፣ ወርቅ ይሰበስባል። እኛ ግን እዚያው ጨዋታ ውስጥ አንዲት ከተማ ይዘን ልንኖርባት ተስማማን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ያወጣል፤ ስም፣ ሙያ፣ አንድ መጥፎ ጠባይም ይሰጠዋል። አቢጃን የምትኖር አንዲት ነርስ ስግብግብ የቤት አከራይ ትሆናለች። የኮቶኑ ልጅ ደግሞ አዋላጅ ነው።»

«ወንድ ልጅ አዋላጅ!» አለ ቶኤ።

«ጨዋታው ውስጥ ሴት ናት፤ ጎበዝም ናት። ደስ የሚለው አባባ፣ ሌላው ሰው ምን እንደሚመልስ አለማወቃችን ነው። ታሪኩን ማንም ብቻውን አይጽፈውም። እኔ አንድ ቃል እጥላለሁ፤ አከራይዋ ታነሳዋለች፤ ማታ ላይ ማናችንም ያላሰብነው ነገር ሆኖ ይገኛል።»

«የእውነት መነጋገር ብትፈልጊስ?» ጠየቀች ታላቶ። «ብታመሚ፣ ቤት ቢቃጠል?»

«ከመናገር ሌላ መጻፍም አለ፤ በቅንፍ እጽፋለሁ። ከቅንፍ ውጭ ያለው የቲጋ ነው። ቅንፍ ውስጥ ያለው የፓንጋ። ‹እናቴ ጠራችኝ› ብዬ በቅንፍ ስጽፍ ሁሉም ያቆማል። ሕጋችን ነው።»

ቶኤ ጉልበቱን መታ። «ቆቡ! ቆቡን ማውለቅ ማለት ነው!»

ታላቶ ግን ገና ብዙ ነበራት። «ለምን ራስሽን ሆነሽ አትጫወቺም?»

«ራሴንማ ቀኑን ሙሉ ነኝ፣ እማዬ።» ፓንጋ ይህን ያለችው ያለ ምሬት ነው። «ፓንጋን ሁሉም ያውቃታል፤ አባቷ የሞተባት ዝምተኛዋ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ አፌን ስከፍት ገና ምንም ሳልል ያዝኑልኛል። ቲጋን ግን ማንም አያዝንለትም። ሲናገር ያዳምጡታል፤ ሲሳሳት ይስቁበታል። አንድ ቀን የከተማው ሹም ድሆቹን ውሃ ከለከላቸው። እኔ ብሆን ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ቲጋ ግን የሚሸሽ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ እኔም መሸሽ አልቻልኩም። ጮህኩበት። ልቤ እየመታ ጮህኩበት። ከዚያ በኋላ ነው የሒሳብ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሲሳሳት እጄን ያወጣሁት።»

ታላቶ አስታወሰች። አስተማሪው መንገድ ላይ አግኝቷት ልጅሽ መናገር ጀምራለች ሲላት፣ ምን ልትደብቀኝ ነው ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራለች።

«‹ልጅ የለኝም› ማለትሽስ?»

«ቲጋ የለውም። ትቶት የሚሄደው ሰው እንዳይኖረው ብዬ ነው ልጅ ያልሰጠሁት።»

ቶኤ ባዶውን ጣሳ ማየት ጀመረ። ታላቶ ወደ ልጇ ተጠጋች። «የአባትሽን ቃልስ ለባዕድ ሰው ለምን ትሰጫለሽ?»

«ለማን ልስጠው? እዚህ ቤት ማንም አይለውም።»

ይህ እውነት ነበር። ታላቶ ልጇ እንዳታዝን ብላ የኑፉን ስም እንኳ በቤቱ አትጠራም፤ ፓንጋም እናቷ እንዳታዝን ብላ አትጠራም። ሁለቱም ለመተዛዘን ሲሉ ሰውየውን ሁለተኛ ቀብረውታል። ወላጆች ከልጆቻቸው ጆሮ ላይ የሚያነሱት ነገር ከልባቸው የሚነሳ ይመስላቸዋል፤ ልጆቹ ግን ሌላ የሚያስቀምጡበት ቦታ ይፈልጉለታል።

«ለምዶብሽ ቢቀርስ?» አለች ታላቶ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ‹ፓንጋ› ብዬ ስጠራሽ ሽማግሌው ቢመልስልኝስ?»

«እኔ ቆቡን ማታውኑ መለስኩልሽ» አለ ቶኤ። «ባልመልስልሽ ኖሮ ሐኪም መጥራት ነበረብሽ።»

«የሚቸግረው ሰው አለ፣ እማዬ» አለች ፓንጋ። «አንድ ልጅ ነበረን፤ ከተማው ውስጥ ሲሰድቡት ከቅንፍ ውጭም ያኮርፍ ነበር። ትምህርቱንም ተወ። ለጊዜው እንዲያርፍ ነገርነው።»

ነገሩ አደጋ እንዳለበት ስትሰማ ታላቶ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች። አደጋ የሌለውን ነገር ማመን አትችልም፤ የታወቀ አደጋ ካለው ግን መላ ይበጅለታል። ወዲያው ጣቷን አነሳች።

«እንግዲያው ስሚኝ። ኮምፒውተሩ ከክፍልሽ ወጥቶ ሳሎን ይቀመጣል። ጥናት ይቀድማል፤ የባካሎሪያ ፈተና እስኪያልፍ ቲጋ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይቆፍር። የእውነት ስምሽን፣ ፎቶሽን፣ ሰፈርሽን ለማንም አትሰጪም፤ ማንንም ብቻሽን ሄደሽ አታገኚም። እኔ ስጠራሽ ደግሞ ቅንፉ ይከፈት።»

«እሺ እማዬ።»

«አሁን ብዪ።»

«የአህያ ዘመዶች መታረቅ ያውቃሉ ለካ!» አለ ቶኤ። «እኔስ? አልበላም?»

«ውሻ ስለሌለን ይቅርታ» አለች ታላቶ። ይህኛው ስድብ ጨው ነበረው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታላቶ ከልጇ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁለት ሰዓት ሙሉ አየች። አከራይዋ ስትሰስት ሳቀች፤ አዋላጇ ሲሳካላት «ጎበዝ» አለች። በጤና ጣቢያው ስንት አፋር ልጅ፣ ስንት ሐዘን የያዘው ሰው በመስኮቷ ፊት እንደሚቆም አሰበች፤ ሌላ ሰው ሆኖ መናገር ለአፋር ድፍረት እንደሚያለማምድ፣ ብቸኛውን ባልንጀራ እንደሚሰጥ፣ ወጣቱን በሽማግሌ ወይም በድሃ ቦታ አቁሞ ዓለምን ከዚያ እንደሚያሳየው አሁን በዓይኗ አየች። ለልጁ የሚያስፈልገው ቆቡ ሲወልቅ በስሙ ጠርቶ የሚቀበለው ሰው አጠገቡ መኖሩ ነው። መሣሪያውን ለመሸጥ ከመውጣት በፊት መጠየቅ አንድ ጣሳ ውሃ ከማቅረብ የበለጠ አይከብድም።

የአከራይዋ ድምፅ ከማሽኑ መጣ። «አባባ ቲጋ፣ ጠፍተህ ሰነበትክ። ውሃ አለ?»

ፓንጋ ወደ እናቷ ዞረች። ታላቶ መጀመሪያ እጇን አወናጨፈች፤ ከዚያ ጎንበስ አለች፤ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ውሃስ አለ» አለች፣ እንደ ባሏ ጎርነን አድርጋ። «እኛ አለን ወይ?»

ከአቢጃንም ከኮቶኑም «አለን!» አሉ።

በዚህ መካከል ነው ታላቶ ወንድሟን አትምጣ ማለት መርሳቷ ትዝ ያላት። ስልኩን ይዛ ወደ ግቢው ሮጠች። ወንድሟ መንገድ ሊጀምር ሞተሩን እያስነሳ ነበር፤ የቤተሰቡ ጠባይ በእሱም ስላለ ስሟን ሲያይ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ታላቶ! ማን ሞተ?»

«ማንም» አለችው። «አለን።»