ጋሽ ይስማው የወተፉት ቀዳዳ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኤሲ አለ ብል፣ ጋቢ ተከናንቦ የሚያነበኝ ሁሉ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ሆኖም የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው የጋሽ ይስማው መድኃኒት ቤት ከምድጃ አይተናነስም። ባለፈው ዓርብ የሳል ሽሮፕ ልገዛ ጎራ ስል፣ ጋሽ ይስማው ከእህታቸው ልጅ ከፋርማሲስቷ ሩሃማ ጋር ሲሟገቱ ደረስኩ። በመካከላቸው ባለ ጎማዋ ተንቀሳቃሽ ኤሲ፣ አየር ማቀዝቀዣዋ፣ ታጓራለች፤ ክፍሉ ግን ይፋጃል። ሰኞ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፤ መድኃኒቱን እንዲህ ሲቀቀል ካገኙት በሩን ያሽጉታል።

«ና እስኪ፣ አንተ ፍረድ!» አሉኝ ጋሽ ይስማው። «ይቺ ማሽን ሞታለች። ነገ በሬዬን ሸጬ አዲስ እገዛለሁ።»

«ሳትመረመር ሞተች ይባላል እንዴ፣ ጋሼ?» አለች ሩሃማ። «ለመሆኑ የሙቀት ማስወጫ ቱቦዋ የታለ?»

«ከመደርደሪያው ጀርባ።»

«መስኮቱ ላይ የተበጀላት ቀዳዳስ?»

«በአሮጌ ነጠላ ወተፍኩት። ጎረቤታችንን የብርጓልን ነፋስ መትቷት አፏ ሲጣመም አላየሽም?»

«የእትዬ የብርጓል የነርቭ በሽታ ነው፤ ሐኪሙም ነግሯቸዋል። ደግሞ ይቺ ማሽን ሙቀት አታጠፋም፤ ከፊት አንስታ በኋላ ታስወጣለች። መውጫዋን ደፍነው አዲስ መግዛት ማለት ቤት ጠርጎ ጥራጊውን እዚያው እንደ መበተን ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ መስኮት ልታስከፍቺኝ ነው?»

«አንድ ሰዓት ይፍቀዱልኝ። ካልቀዘቀዘ በሬውን እኔው ነድቼ ገበያ አወጣዋለሁ።»

እኔ ፍርዱን ትቼ ወደ ሽሮፖቹ መደርደሪያ ዞር አልኩ። በዘመድ ክርክር የገባ ደንበኛ ትክክለኛውን ሽሮፕ አያገኝም።

ሩሃማ ነጠላውን መዝዛ ቱቦውን በመስኮቱ ቀዳዳ ወደ ውጭ አወጣች፤ የማጣሪያውንም አቧራ አራገፈች። ጋሽ ይስማው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ጠቅልለው፣ ነፋሱ የትኛውን ጉንጫቸውን እንደሚመርጥ ይጠባበቁ ጀመር። ሰዓቱ ሳይሞላ ሙቀት መለኪያውን አነበቡ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ። አፋቸው እንዳልተጣመመም በመስታወት አረጋገጡ።

«በሬው ይቆይ» አሉ።

ሳሌ አልለቀቀኝምና ሰኞ ተመለስኩ። ተቆጣጣሪዎቹ ለክተው፣ አመስግነው ሄደዋል። እነሆ ጥቅሙ፦ መድኃኒቱ ከመበላሸት፣ በሩ ከመታሸግ፣ በሬውም ከቢላ ተርፏል።

ወዲያው አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን በነጠላ ላይ ነጠላ ጠቅልላ ገባች። ሩሃማ አፏን ከመክፈቷ በፊት ጋሽ ይስማው ቀደሟት።

«ግለጪው፣ ልጄ!» አሉ፤ ወደ መስኮቱ እየጠቆሙ። «ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። እኔም አላውቅም ነበር።»