ወለሉን ያስተካከልን ጊዜ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የሲሚንቶ ከረጢት በእግሮቻቸው መካከል ይዘዋል። አጠገባቸው ያለችው ሴት ጨዋታ ጀመረች።

«አያ፣ ቤት እየሠሩ ነው?»

«የለም፣ የቤቴ ወለል ጎርባጣ ነው። እሱን ላስተካክል ብዬ ነው።»

«እኛም ዘንድሮ አስተካከልን። አባቴ ዓይናቸው አያይም፤ እንዳይደናቀፉ ብለን።»

«ሸጋ አደረጋችሁ።»

«ሸጋ መስሎን ነበር። በማግስቱ ግን በገዛ ቤታቸው መንገዱ ጠፋባቸው። ግድግዳ ሲዳብሱ አገኘኋቸው።»

«ምነው?»

«ለካ በሩን የሚያገኙት በእግራቸው ነው። ወለሉ ወደ በሩ ያዘነብል ነበር፤ ቁልቁለቱን ተከትለው ይወጡ ነበር። እኛ ሜዳ አደረግነው።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«‹ሸጋ ወለል ነው› ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ደጅ መውጣት ተዉ።»

«እናንተስ?»

«ነገሩ ሲገባን፣ ወንድሜ ከአልጋቸው እስከ በሩ ያለውን አፈረሰና እንደ ቀድሞው አዘንብሎ ለሰነው።»

«አሁን ይወጣሉ?»

«እኔ ሳልነሳ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እንግዳ ሲመጣ ግን ይስቅብናል። ‹ይህን ያጣመመው ግንበኛ ማነው?› ይላል።»

«ምን ትመልሳላችሁ?»

«እኛ ምን ዕድል አለን? አባቴ ይቀድሙናል። ‹ልጄ ነው› ይላሉ።»

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ፤ ፒያሳ እስክንደርስም አልመለስሁት።