ፍሬን የሌላት ጂፕ ከመቱ ጋራዥ ስለወጣችበት ሁኔታ

የምስክሩ ስም፦ አቶ ኢቲቻ ሁንዴሳ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ የመንግሥት መኪና ማቆሚያና ጋራዥ ኃላፊ
አድራሻ፦ መቱ፣ ከጋራዡ ጀርባ ያለው የመንግሥት ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት ነው። ባለቤቴ ሻሽቱ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን እኖራለሁ። እንዲያም ሆኖ ጎማ ያለ ረዳት እፈታለሁ፣ ዘይት እቀይራለሁ፣ ልብሴንም ራሴ አጥባለሁ። አርጅቷል የሚለኝ ካለ መጥቶ ይይ።

ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ግድም የመሥሪያ ቤታችን የበላይ ቀኛዝማች ገብረ መድኅን እዚሁ ኢሉባቦር ወዳለችው ቡሬ ለመሄድ ጋራዡ ደረሱ። ሌላዪቱ መኪና ወደ ኡካ ከተማ ሄዳ ስለነበር የቆመችው ጂፒቱ ብቻ ነበረች። እሷም የፍሬን ዘይቷ ፈስሶ፣ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣላት ጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርጌባት ነበር። እኔ ከጓሮ ስመጣ ቀኛዝማች ገብተው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው አንዴ ከተቀመጠ ውረድ አይባልም፤ ነውር ነው።

ስለዚህ ሹፌሩን ነመራን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ፣ እሳቸው እንዳያፍሩ ብዬ፣ በኦሮምኛ ቀስ ብዬ ፍሬን የላትም አልኩት። እሱም “ጋሼ፣ ምላሱ ካለዎት እርስዎ ያውርዷቸው፤ እኔ ልጆች አሉኝ” አለኝ። ቀኛዝማችም “አንተ ሽማግሌ! ምን ታንሾካሹካለህ? ድንጋዩን አንሳ!” ብለው ጮኹ። ፈራሁ። አነሣሁት። ነመራን በአንደኛ ማርሽ ይዘህ ውረድ አልኩት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሶር ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ጂፒቱ ተገለበጠች ተባለ። የቀኛዝማች ክንድ ተሰበረ፤ ነመራም ጠጥቶ ነድቷል ተብሎ ታሰረ።

ነመራ የሚሲዮን ሰው ነው፣ ጠላ እንኳ አይቀምስም። ይህን መቱ ያውቃል።

በማግሥቱ የቀኛዝማች ጸሐፊ አቶ ሙሉብርሃን ቤቴ መጥቶ “ጋሼ ኢቲቻ፣ ነመራ ሲወጣ መጠጥ ሸቶኛል ይበሉ። ቤቱ የመንግሥት መሆኑን አይርሱ፤ በዚህ ዕድሜ ዝናብ አይቻልም” አለኝ። ሣቀም። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሊያስወጡኝ መጡ እያልኩ በሩን እቀረቅራለሁ። ቢሆንም የሰጠሁት ቃል አይለወጥም። ፍሬን አልነበራትም፤ እኔም ነመራም እናውቅ ነበር፤ ድንጋዩን አንሳ ያሉኝ ቀኛዝማች ናቸው።

ብታሰርም ቤቱን ብነጠቅም ማንም ዋስ አይሁነኝ፤ ያለብኝን ራሴ እከፍላለሁ። ከመካኒኩ ከዳዲ የተዋስኩትን የመኪና ማንሻ ክሪክ እመልሳለሁ። ለጎረቤቴ ለእትዬ በየነች የበቆሎ ዘር አለብኝ። ለማርያም፣ ሻሽቱ ስትታመም የተሳልኩት ጧፍ አለ፤ ባትድንም ስለት ስለት ነው። ለነመራ ሚስት ለዓያንቱ ደግሞ ባልሽን እጁን ይዤ ደጃፍሽ አደርሰዋለሁ ብያታለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የተጨመረ የለም፣ የጎደለም የለም፣ እውነት ነው። አሻራ አድርግ ብባልም ስሜን መጻፍ ስለምችል በእጄ ጽፌያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኢቲቻ ሁንዴሳ
ቃሉን የጻፈው፦ ሃምሳ አለቃ ደበሳ ቀነዓ (ፊርማ)