የጫንያለው የሰዓት ዋጋ

የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ከባለቤቴ ከጫንያለው ጋር፣ ነፍሱን ይማርና፣ ነቀምቴ ገበያው አጠገብ ባጃጅ እንጠብቃለን። ሃያ ሁለት ዓመት ማሽን የጠገነበት የዱቄት ፋብሪካ ከቋሚ ሥራ አሰናብቶት፣ "ማሽን ሲበላሽ እየጠራን በሰዓት እንክፈልህ፤ ዋጋህን ንገረን" ብሎት፣ ያንን ሊነግራቸው መሄዱ ነበር። ሒሳብ አያያዝ የተማረችው የጎረቤታችን ልጅ ሌንሳ ከኋላችን ደርሳ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ብላ ባለቤቴን ሰላም አለችው።

"አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ ጫንያለው? ስንት ሊሏቸው ነው?"

"ሃምሳ ብር፣ ልጄ። ደመወዜ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ፣ የወሩ የሥራ ሰዓት መቶ ዘጠና ሁለት። አካፍይው።"

"ማካፈሉስ ልክ ነው። ግን ያን ሁሉ ሰዓት ይጠሩዎታል?"

"ማሽን በየቀኑ አይሰበርም። ግማሹን ቢጠሩኝ ነው።"

"ታዲያ በግማሽ ደመወዝ ሊኖሩ ነው! መፍቻውንስ ማን ይገዛል? አኖ ከተማ ድረስ ለጥገና ሲልኩዎት የመንገዱን ሰዓት ማን ይከፍላል?"

"ይቺ ልጅ የእንቅልፌንም ልታስከፍላቸው ነው!" ብሎ ሳቀ። ወዲያው ፊቱ ከበደ። "ልጆቼን ባሳደግሁበት መሥሪያ ቤት ላይ ዋጋ ልቆልል? ነውር ነው።"

ከልቡ ነው። በእኛ ዘንድ ባለሙያ ዋጋ ሲጠየቅ "የፈቀዳችሁትን" ማለቱ ጨዋነት ነው። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር፤ ጓዳችን ግን በጨዋነት አልሞላ ብሎኝ ነበር።

"ቢታመሙስ?" አለች ሌንሳ።

"እድር አለኝ!"

"ኦቦ ጫንያለው፣ እድር የሚደርሰው ለሞተ ነው። ለታመመ ድንኳን አይተከልም።"

ቆሞ ሲጠብቀን የነበረ ባለባጃጅ "ትሄዳላችሁ ወይስ ትካሰሳላችሁ?" ብሎ ጥሎን ሄደ።

"ድሮ ሲታመሙ ደመወዝዎ አይቋረጥም ነበር" ስትል ቀጠለች። "አሁን ያንን ሸክም የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የሕመሙም፣ ሥራ የሚጠፋበትም ቀን ዋጋው ውስጥ ይግባ። የሚጠሩዎት ግማሹን ሰዓት ስለሆነ ሃምሳው መቶ ይሆናል፤ መፍቻው፣ መንገዱና ሕመሙ ሲጨመር መቶ ስልሳ ይበሉ፤ ካገኙት ሁሉ ሩቡን አይንኩት።"

"ቢያባርሩኝስ?"

"አባረውዎት የለም እንዴ!"

ሦስታችንም ሳቅን። ፋብሪካው ደርሰን ጫንያለው መቶ ስልሳ ሲል ሥራ አስኪያጁ ተከራክሮ በመቶ ሃምሳ ተስማሙ።

ከደመወዝ ወጥቶ በራሱ የሚሠራ ሰው ይህን ይወቅ፦ የሚሸጠው የሠራበትን ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ጥሪ የሚጠብቅበትን፣ የሚጓዝበትንና የሚታመምበትንም ጭምር ነው።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ጫንያለው ጉበቱን ታሞ ዘጠኝ ሳምንት ተኛ። መድኃኒቱንም ቀለባችንንም ሳንነካ ካስቀመጥነው ከዚያ ሩብ ገዛሁ። በዚያው ሕመም ሲያርፍ ከማንም የተበደርነው አልነበረም።